ከሩቅ የሚሰማ ፍንዳታ ምንነቱ እንዴት ይለያል?

ለጅማና በዙሪያዋ ለሚገኙ ቡና አብቃይ ከተሞች ነዋሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በሰቃ ጨቆርሳ ወይም በዴዶ የሚኖር ሰው ከተራራ ማዶ የመጣ ከባድ ጉምታ ሲሰማ፣ የመስኮቱ መስተዋት ሲንቀጠቀጥና የጣሪያው ቆርቆሮ ሲንኮሻኮሽ ወደ ደጅ ወጥቶ ጎረቤቱን «ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መብረቅ ሊሆን ይችላል። የድንጋይ ካባ ፍንዳታ፣ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ወይም ርዕደ መሬትም ሊሆን ይችላል። ጎረቤትም ከግምት ያለፈ መልስ ብዙ ጊዜ አይኖረውም።

የተሳሳተ ግምት ግን ዋጋ ያስከፍላል። የካባ ፍንዳታን ርዕደ መሬት ነው ብሎ በደረጃ ላይ የሚሮጥ ሰው ወድቆ ሊጎዳ ይችላል። ርዕደ መሬትን ነጎድጓድ ነው ብሎ በተሰነጠቀ ግድግዳ ሥር የሚቆይ ሰው ለከፋ አደጋ ይጋለጣል። ምንጩ ያልታወቀ ድምፅ በስልክ መልእክት ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ደግሞ እየገነነ ይሄዳል፤ ገበያ ያስበትናል፣ መንገድ ያስቆማል። ፍንዳታ ቤቴን ሰነጠቀው የሚል አቤቱታ ያለው ነዋሪም ቀኑንና ሰዓቱን የሚያሳይ መዝገብ ከሌለው አቤቱታው በቃል ክርክር ብቻ ይቀራል።

የዚህ ማብራሪያ ዓላማ አንድ ነገር ማስጨበጥ ነው። ስለ ሩቅ ፍንዳታ ጆሮ ብቻውን አስተማማኝ ምስክር አይደለም። በመሬት ውስጥና በአየር ውስጥ የሚጓዘውን ሞገድ ከትክክለኛ ሰዓት ጋር የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ግን የምንጩን ርቀት፣ አቅጣጫና ዓይነት ለመለየት ያስችላሉ። ከእነዚህ መሣሪያዎች መካከል በትምህርት ቤት፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በግለሰብ ቤት ሊተከሉ የሚችሉ አነስተኛ ዓይነቶችም ዛሬ ይገኛሉ።

ፍንዳታ በሁለት መንገድ ይጓዛል

አንድ ፍንዳታ በተከሰተበት ቅጽበት ኃይሉ በሁለት ይከፈላል። ከፊሉ በዓለቱና በአፈሩ ውስጥ እንደ ንዝረት ይጓዛል። ቀሪው በአየር ውስጥ እንደ ግፊት ሞገድ ይሄዳል። ሁለቱ ሞገዶች እኩል ፍጥነት የላቸውም። በጠንካራ ዓለት ውስጥ የሚጓዘው የመጀመሪያው ሞገድ በሰከንድ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ በአየር ውስጥ የሚሄደው ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ብቻ ይጓዛል።

ርቀትን ለመገመት የሚያስችለው ይህ የፍጥነት ልዩነት ነው። ከአንድ መሣሪያ 10 ኪሎ ሜትር በሚርቅ ካባ ላይ ፍንዳታ ቢደረግ፣ የመሬቱ ንዝረት ሁለት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ሲደርስ የአየሩ ሞገድ 29 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 27 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ልዩነቱን በሦስት ማካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግርድፉ ይሰጣል። መብረቁን ካዩ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ሰከንድ የሚቆጥሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ስሌትም ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ በዚያ ብርሃን የሚሠራውን ሥራ እዚህ የመሬቱ ንዝረት መሥራቱ ነው።

ርዕደ መሬት ሲሆን ስሌቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ርዕደ መሬት በመሬት ውስጥ ሁለት ዋና ሞገዶችን ይልካል። የመጀመሪያው ፈጣን ነው፤ ሁለተኛው በሰከንድ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ይበልጥ የሚያንገጫግጨው እርሱ ነው። በሁለቱ መድረሻ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት በሰከንድ ተቆጥሮ በ8 ሲባዛ የርዕደ መሬቱን ግምታዊ ርቀት በኪሎ ሜትር ይሰጣል። ሆሳዕና አካባቢ የተነሣ ርዕደ መሬት ጅማ ላይ ሲመዘገብ የሁለቱ ሞገዶች ልዩነት 13 ሰከንድ ያህል ይሆናል፤ ይህም ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ርቀትን ያመለክታል።

ጆሮ የማይሰማው ድምፅ

የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ ከ20 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ድምፅ ነው። ከዚያ በታች ያለው ኢንፍራሳውንድ ይባላል። ይህ ድምፅ ባይሰማም በአየር ውስጥ የሚሄድ እውነተኛ የግፊት ለውጥ ነው። ትላልቅ ፍንዳታዎች፣ እሳተ ገሞራ፣ ወደ ከባቢ አየር የሚገባ ተወርዋሪ ድንጋይ፣ ማዕበልና ትልቅ ፏፏቴ ሁሉ ኢንፍራሳውንድ ያመነጫሉ።

የኢንፍራሳውንድ ዋና ጠባይ ከሩቅ መድረሱ ነው። ቀጭን ድምፅ በአየር ውስጥ ቶሎ ይዳከማል። ወፍራም ድምፅ ግን ኃይሉን ይዞ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከመሬት ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ሞቃት የአየር ንብርብርና በዚያ የሚነፍሰው ነፋስ ድምፁን ወደ መሬት መልሶ ያጎነብሰዋል። በዚህ ምክንያት አንድ ፍንዳታ በቅርብ ያሉ ከተሞች ሳይሰሙት ይበልጥ በራቀ ቦታ ሊሰማ ይችላል። ስለሆነም በአጋሮ የተሰማ ጉምታ ለአጋሮ ይበልጥ በቀረበ ቦታ አልተሰማም ማለት ሰዎቹ ተሳስተዋል ወይም ዋሽተዋል ማለት አይደለም።

የቤይሩት ወደብ ፍንዳታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በመጋዘን ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን ያህል አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። የመሬቱ ንዝረት በርዕደ መሬት መለኪያ 3.3 ያህል ብቻ ሆኖ ተመዘገበ፤ ከተማ ላወደመ ፍንዳታ ይህ ትንሽ ቁጥር ነው። የአየሩ ሞገድ ግን ከ2,400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በሚገኙ የኢንፍራሳውንድ ጣቢያዎች ተይዟል። ምክንያቱ በምድር ገጽ ላይ የሚደርስ ፍንዳታ አብዛኛውን ኃይሉን ወደ አየር ስለሚለቅ ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አንዱን ሞገድ ብቻ የሚለካ መሣሪያ ነገሩን በግማሽ ብቻ እንደሚያሳይ ነው።

ጥር 7 ቀን 2014 ዓ.ም. በፓስፊክ ውቅያኖስ ቶንጋ አካባቢ የፈነዳው የሁንጋ እሳተ ገሞራም ዓለምን ደጋግሞ የዞረ የግፊት ሞገድ ላከ። ሞገዱ በብዙ አገሮች በቤት ውስጥ በተተከሉ ተራ የአየር ግፊት መለኪያዎች ላይ ሳይቀር ታይቷል። ከቶንጋ እስከ ጅማ ያለው ርቀት 16,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሞገዱ ወደ ጅማ ሰማይ የደረሰው ከፍንዳታው 14 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው።

በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የታየው

ኢትዮጵያ በዚህ ሙያ እንግዳ አይደለችም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1957–58 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ ነው። ጣቢያውን ለረጅም ጊዜ የመሩት አባ ፒየር ጉዌን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ከአዲስ አበባ አጠገብ በሚገኘው ፉሪ ተራራ የተተከለው የርዕደ መሬት ጣቢያ ደግሞ የኒውክሌር ሙከራን በሙሉ የሚከለክለውን ስምምነት አፈጻጸም የሚከታተለው ዓለም አቀፍ መረብ ረዳት ጣቢያ ነው። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1996 ፈርማ በ2006 አጽድቃለች።

የዚህ መረብ የኢንፍራሳውንድ ጣቢያዎች በጎረቤት አገሮች በጅቡቲና በኬንያ ይገኛሉ። ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ሌሊት በኤርትራ የናብሮ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ 264 ኪሎ ሜትር የሚርቀው የጅቡቲ ጣቢያና 1,708 ኪሎ ሜትር የሚርቀው የኬንያ ጣቢያ ድምፁን መዝግበዋል። ወደ ናይሮቢ ያመራው ሞገድ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ አቋርጦ አልፏል፤ በመንገዱ ላይ የነበሩ ሰዎች ግን ያለ መሣሪያ ሊያውቁት የሚችሉት ነገር አልነበረም።

ለጅማ ነዋሪዎች ይበልጥ ቅርብ የሆነው ክስተት ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 ዓ.ም. በሆሳዕና አካባቢ የተነሣው ርዕደ መሬት ነው። መጠኑ ከ5 ጥቂት የበለጠ ሲሆን እስከ ጅማ ተሰምቶ ድንጋጤ ፈጥሮ ነበር። ጅማ ከስምጥ ሸለቆው ወጣ ብላ ብትገኝም ሸለቆው ሲንቀሳቀስ ንዝረቱ እንደሚደርሳት ይህ ክስተት አሳይቷል።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ከመስከረም ጀምሮ ለወራት የቀጠለው የርዕደ መሬት ሰንሰለት በአዲስ አበባ ሳይቀር በተደጋጋሚ ተሰምቷል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከመኖሪያቸው ተነሥተዋል። ከእነዚህ መካከል የካቲት 7 ቀን የደረሰው መጠኑ 6 ገደማ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ቀደም ሲል ፍንዳታው በታሪክ ተመዝግቦ የማያውቀው የአፋሩ ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በአካባቢው የነበሩ ሰዎች ድምፁን ከቦምብ ጋር አመሳስለውታል፤ አመዱም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ የመንና ሕንድ ሰማይ ደርሷል።

ከሃይሊ ጉቢ እስከ ጅማ በቀጥታ መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ የሚነሣ የመሬት ሞገድ ለመመዝገብ የሚበቃ ጥንካሬ ካለው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጅማ ይደርሳል። የአየሩ ሞገድ ግን ከ40 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ይህን የጊዜ ልዩነት የማያውቅ ሰው ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ክስተቶች ሊቆጥራቸው ይችላል።

በአነስተኛ ወጪ የሚሠሩ መሣሪያዎች

ቀድሞ የርዕደ መሬት መመዝገቢያ የሚገኘው በምርምር ተቋማት ብቻ ነበር። ዛሬ ግን እጅ በሚያክል ኮምፒዩተር ላይ የሚገጠሙ ትንንሽ መመዝገቢያዎች በዓለም ዙሪያ በትምህርት ቤቶችና በግለሰቦች እጅ ይገኛሉ። ከእነዚህ በስፋት የታወቀው ራስበሪ ሼክ የሚባለው ነው። የመሬቱን ንዝረት የሚይዘው ጂኦፎን የተባለ ክፍል ሲሆን፣ በውስጡ በሞላ የተንጠለጠለ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል አለ። መሬቱ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ መሣሪያውም ይህን በሰከንድ 100 ጊዜ እየለካ ይመዘግባል። የኢንፍራሳውንድ ዓይነቱ ደግሞ ጥቃቅን የአየር ግፊት ለውጥን የሚይዝ መለኪያ አለው። ሁለቱን በአንድ ሣጥን የያዘ ዓይነትም ይገኛል።

እነዚህ መሣሪያዎች የጎረቤትን ወሬ ይቀዳሉ የሚል ስጋት አንዳንድ ጊዜ ይነሣል። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚለካ መሣሪያ ሊይዝ የሚችለው በሰከንድ ከ50 ጊዜ በታች የሚርገበገበውን ብቻ ነው። የሰው ንግግር ከዚያ በላይ ስለሆነ በመዝገቡ ላይ ቃል ሆኖ አይገኝም። መሣሪያው የሚያየው የእግር ኮቴን፣ የመኪናን ማለፍና የበርን መዘጋት እንደ ንዝረት ነው።

ምንጩን መለየት

በመዝገብ ላይ የሚታየው ቅርጽ ስለ ምንጩ ብዙ ይናገራል።

የድንጋይ ካባ ፍንዳታ፦ የመጀመሪያው የመሬት ሞገድ በግልጽ ይታያል፤ ሁለተኛው ደካማ ነው። ቆየት ብሎ የአየሩ ሞገድ ይከተላል። ብዙውን ጊዜ በሥራ ቀንና በቀን ብርሃን፣ ከአንድ ቦታ በተደጋጋሚ ይነሣል።

ርዕደ መሬት፦ ሁለተኛው የመሬት ሞገድ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ቀንና ሌሊት አይመርጥም። ተከታይ ንዝረቶች ሊኖሩት ይችላሉ።

ነጎድጓድ፦ በአየር መለኪያው ላይ የተቆራረጠ፣ ረዘም ያለ ጉምጉምታ ሆኖ ይታያል። ከእርሱ ቀድሞ የመጣ የመሬት ሞገድ የለም። ከባድ ነጎድጓድ መሬቱን ቢያርገበግብም ንዝረቱ የሚመዘገበው ከድምፁ ጋር በአንድ ጊዜ ነው።

ተወርዋሪ ድንጋይ ወይም ከድምፅ በላይ የሚበር አውሮፕላን፦ በአየር መለኪያው ላይ አጭርና ስለታም ግፊት ይታያል። ቀድሞ የመጣ የመሬት ሞገድ የለም፤ በሰፊ አካባቢ በሚገኙ ከተሞች ይሰማል።

የትራንስፎርመር ፍንዳታ፦ በቅርብ ብቻ ይሰማል። አብዛኛውን ጊዜ መብራት በዚያው ቅጽበት ይጠፋል።

አንድ መሣሪያ ብቻ ርቀትን ሊገምት ቢችልም ድምፁ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ቦታውን ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ። ጅማ፣ አጋሮና ሊሙ ገነት በቀጥታ መስመር እርስ በርስ ከ30 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ስለሚራራቁ ለዚህ የሚመች ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። የአየሩ ሞገድ መጀመሪያ አጋሮ፣ ከ40 ሰከንድ በኋላ ጅማ ቢደርስ፣ ምንጩ ከጅማ ይልቅ ለአጋሮ በ13.6 ኪሎ ሜትር ይቀርባል ማለት ነው። ይህን የሚያሟሉ ቦታዎች በካርታ ላይ አንድ ጠማማ መስመር ይሠራሉ። የሊሙ ገነት ሰዓት ሲጨመር ሌላ መስመር ይገኛል፤ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ የፍንዳታውን ስፍራ ይጠቁማል።

ይህ ስሌት የሚሠራው የጣቢያዎቹ ሰዓት ሲገጥም ብቻ ነው። የአንድ ሰከንድ ስሕተት በአየር ሞገድ 340 ሜትር፣ በመሬት ሞገድ ደግሞ 6 ኪሎ ሜትር ያሳስታል። ስለዚህ መሣሪያው ሰዓቱን ከኢንተርኔት ወይም ከሳተላይት በቀጣይነት ማስተካከል አለበት።

በቡና አገር መሣሪያ ሲተከል

የጅማ አካባቢ ለእነዚህ መሣሪያዎች የራሱ ምቾትና የራሱ ችግር አለው። ከከተማ ወጣ ያሉ የቡና ጫካዎች ሌሊት ጸጥ ያሉ ናቸው። በመከር ወራት ግን የተለቀመው እሸት ቡና በዚያው ቀን መፈልፈል ስላለበት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ማሽን ከምሽት እስከ ሌሊት ይሠራል። ቡና መቀሸሪያና ወፍጮ ቤት፣ የናፍጣ ጄኔሬተርና በኮረኮንች መንገድ የሚያልፍ የጭነት መኪናም በመዝገቡ ላይ ይታያሉ። የሞተር ንዝረት ሳይለዋወጥ ለረጅም ጊዜ የሚቀጥል በመሆኑ ከፍንዳታ በቀላሉ ይለያል፤ ሆኖም ደካማ ምልክትን ሊሸፍን ይችላል። በዝናብ ወራት የሚበዛው ነጎድጓድና ነፋስ ደግሞ የአየር መለኪያውን ያውከዋል።

መሣሪያ ለመትከል ለሚያስቡ ትምህርት ቤቶች፣ ማኅበራትና ግለሰቦች የሚከተሉት ነጥቦች ይመከራሉ።

1. የንዝረት መመዝገቢያው በምድር ቤት፣ በመሬት ላይ በቀጥታ በተሞላ የሲሚንቶ ወለል ላይ ይቀመጥ። ፎቅ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ የለበትም።

2. ከማቀዝቀዣ፣ ከውኃ መሳቢያ ሞተር፣ ከጄኔሬተርና ከትልቅ ዛፍ ይራቅ። ነፋስ ዛፍን ሲያወዛውዝ ሥሩ መሬቱን ያንቀሳቅሳል።

3. የአየር መለኪያው ከነፋስ የተከለለ ይሁን። ብዙ ትንንሽ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ማያያዝ የነፋሱን ሁከት ይቀንሳል።

4. መብራት ሲቋረጥ መዝገቡ እንዳይቋረጥ ባትሪ ይዘጋጅለት። ብዙ ጊዜ መብራት የሚጠፋው ዝናብና መብረቅ ባለበት፣ መዝገቡ በሚፈለግበት ሰዓት ነው።

5. ገመድ አልባ መገናኛ ያለው መሣሪያ ከውጭ ከማስመጣት በፊት የጉምሩክ ሥርዓቱንና የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚጠይቀውን ማረጋገጫ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

6. ከተተከለ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ወር የአካባቢው የተለመደ ንዝረት ምን እንደሚመስል ይጠና። የተለመደውን የማያውቅ ሰው ያልተለመደውን መለየት አይችልም።

የካባ ፍንዳታና የነዋሪዎች አቤቱታ

ለመንገድ፣ ለድልድይና ለሕንፃ የሚሆን ድንጋይ በሚወጣባቸው ስፍራዎች ድማሚት ጥቅም ላይ ይውላል። በአቅራቢያ የሚኖሩ ሰዎች ግድግዳችን ተሰነጠቀ፣ ጣሪያችን ተላቀቀ፣ ከብቶቻችን ደነበሩ ሲሉ፣ ሥራውን የሚያካሂደው ወገን ስንጥቁ ከቤቱ አሠራር ወይም ከአፈሩ መሸሽ የመጣ ነው ሊል ይችላል። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ከልባቸው ሊሆን ይችላል። በጭቃ የተመረገ የእንጨት ቤት በዝናብና በድርቅ መፈራረቅ ብቻ ይሰነጠቃል፤ በቅርብ የሚደረግ ከባድ ፍንዳታም ይሰነጥቀዋል።

በእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ መዝገብ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ፍንዳታው በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደተደረገ፣ ንዝረቱ ከወትሮው ይበልጥ እንደነበርና ካልተነገረበት ሰዓት ውጭ ተደርጎ እንደሆነ መዝገቡ ያሳያል። የአነስተኛ መሣሪያ መዝገብ ብቻውን ካሣ ለመወሰን በቂ ባይሆንም፣ ባለሙያ መጥቶ በተስተካከለ መሣሪያ እንዲለካ ለመጠየቅ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ነዋሪዎች በዚህ ጉዳይ የሕግ ድጋፍ እንዳላቸው ሊያውቁ ይገባል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ማዕድን የሚያወጣ ባለፈቃድ ሥራውን በአካባቢው ሰዎች ደኅንነትና በአካባቢው ላይ ጉዳት በማያደርስ መንገድ እንዲያካሂድ ያስገድዳል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ሕዝቡ በግምገማው ላይ አስተያየት የሚሰጥበትን መንገድ ይከፍታል። የኮንስትራክሽን ድንጋይ ፈቃድ በአብዛኛው በክልል የሚሰጥ በመሆኑ አቤቱታ መጀመር ያለበት በወረዳው ወይም በዞኑ ጉዳዩን በያዘው የማዕድን ጽሕፈት ቤት ነው። አቤቱታ ሲቀርብ የፍንዳታው ቀንና ሰዓት ዝርዝር፣ ቀን ያለበት የስንጥቁ ፎቶግራፍ፣ ካለም ከፍንዳታው በፊት የተነሣ የቤቱ ፎቶግራፍ ቢያያዝ ጉዳዩን ለማጣራት ይረዳል።

መሣሪያው የማይችለው

የእነዚህ መሣሪያዎች ገደብ ከጥቅማቸው እኩል መታወቅ አለበት። ርዕደ መሬት ከመድረሱ በፊት አይተነብዩም። የመዘገቡት ፍንዳታ በማን እና ለምን እንደተደረገ አይናገሩም። በአንድ ጣቢያ ብቻ የታየ ምልክት በሌላ ጣቢያ እስኪረጋገጥ ድረስ ግምት ነው፤ በአጠገቡ የወደቀ ጆንያ ቡናም ከሩቅ ፍንዳታ የሚበልጥ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ የመሣሪያ ባለቤት አንድ መስመር ከፍ ብሎ ስላየ ብቻ «ፍንዳታ ደረሰ» ብሎ ለሕዝብ ማሰራጨት የለበትም። ያልተጣራ መዝገብ ከመሣሪያ ስለወጣ ብቻ ይበልጥ ይታመናል፤ ስሕተት ከሆነም ከተራ ወሬ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

ከባድ ድምፅ ሲሰማ ምን ይደረግ?

መሣሪያ የሌለው ዜጋም ጠቃሚ መረጃ ሊሰጥ ይችላል። በብዙ ሰዎች የተመዘገበ ትክክለኛ ሰዓት ለባለሙያ ትልቅ ግብዓት ነው።

በመጀመሪያ የስልክን ሰዓት ማየትና ከተቻለ እስከ ሰከንዱ መጻፍ ይገባል። ቀጥሎ መሬቱ መነቃነቁ፣ ድምፅ ብቻ መሰማቱ ወይም ሁለቱም መከሰታቸው፣ የትኛው እንደቀደመና በመካከላቸው ስንት ሰከንድ ያህል እንዳለፈ መጻፍ ይጠቅማል። ብርሃን፣ ጭስ ወይም አቧራ ከታየ አቅጣጫው ይመዝገብ። ያዩትንና የሰሙትን ከሌላ ሰው ከተነገረው ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ወደ ደረጃ ከመሮጥ ይልቅ ዝቅ ብሎ በጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መከለልና እስኪያልፍ ድረስ እርሱን ይዞ መቆየት ይመከራል። ንዝረቱ ካቆመ በኋላ በእርጋታ ወደ ሜዳ መውጣትና ከተሰነጠቀ ግድግዳ፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶና ከገደል አፋፍ መራቅ ይገባል። የተጎዳ ሰው ካለ በ907 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን አምቡላንስ መጥራት ይቻላል።

ፍንዳታ ደረሰበት ወደተባለ ስፍራ ለማየት መሄድ ተገቢ አይደለም። በእርሻ፣ በካባ ወይም በመንገድ ዳር ያልፈነዳ ድማሚት ወይም እንግዳ የሆነ ብረት የተገኘ እንደሆነ ሳይነኩ ቦታውን በርቀት ምልክት አድርጎ፣ ሕፃናትን አርቆ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ስለ ርዕደ መሬትና እሳተ ገሞራ የተጣራ መረጃ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት እና ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ማግኘት ይቻላል። ስለ አደጋ ጊዜ እርዳታ ደግሞ የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን መመሪያ ይሰጣል። በጅማና በአካባቢዋ የሚገኙ ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት መሣሪያ ለመትከል ሲያቅዱ አስቀድመው እነዚህን ተቋማት ወይም በቅርባቸው ያለውን ዩኒቨርሲቲ ቢያማክሩ፣ የሚሰበስቡት መዝገብ ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ለአገሪቱ የርዕደ መሬት ጥናትም የሚውል ይሆናል።